የኤሌክትሪክ መኪናን ዋና መቆጣጠሪያ ሞጁል ያለ ጉዳት ማውጣት

ሐምሌ ላይ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዘዞ በጭነት መኪና ተጭና ጎንደር ወዳለው ጋራዣችን መጣች። ባለቤቷ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ኮምፒውተሯ ሞቷል አሉኝ፤ አውጣልኝና አዲስ አበባ እንላከው» አሉ። እኔ ግን ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት ኮፋኖውን ከፍቼ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን አነሳሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የዝናብ መውረጃውን ቀዳዳ ደፍኖታል። ውኃው ሞልቶ ወደ ጎን ፈስሷል። ከሥሩ ያለችው የማሳ ቡሎን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርባት ቡሎን፣ አረንጓዴ ዱቄት ለብሳለች። ፈትቼ፣ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ መልሼ ሳስራት መኪናዋ ነቃች። ሞጁሉ ምንም አልሆነም ነበር።

ሞጁሉን ከቦታው ማውጣት ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጊዜ የሚፈልጉት ከዚያ በፊት ያሉት ሁለቱ ሥራዎች ናቸው፤ መውጣት እንዳለበት ማረጋገጥ እና መኪናውን ፈጽሞ ማስተኛት። ይህ መመሪያም የሚበዛው በእነዚህ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በጎንደር መንገድም እየተለመደ ነው። እጃችን ግን የሠለጠነው በቤንዚንና በናፍጣ መኪና ነው። በዚያ ልማድ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ ሞጁሉን መሳብ ይበቃ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ልማድ ሰው ሊገድል ይችላል።

የትኛው ሞጁል?

በአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብዙ መቆጣጠሪያዎች አሉ። አንዱ የትልቁን ባትሪ ሕዋሳት ይከታተላል፤ አንዱ ሞተሩን ያሽከረክራል፤ አንዱ ቻርጅ ይቆጣጠራል፤ ሌላው በር፣ መስኮትና ፍሬቻ ያዛል። እዚህ የምጽፈው ቪሲዩ ስለሚባለው ዋናው የተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ነው። የነዳጅ መርገጫውን፣ የማርሽ መምረጫውንና የፍሬኑን ምልክት ተቀብሎ ለሌሎቹ ትእዛዝ የሚሰጠው እርሱ ነው። (መርገጫው አሁን ነዳጅ ባይረግጥም ስሙ አልተለወጠም።)

አንድ ድንበር አስቀምጡ። ብርቱካናማ ገመድ የሚገባበት ማንኛውም ሣጥን በዚህ መመሪያ አይወጣም። ብርቱካናማ ቀለም የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ነው፤ በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ከ300 እስከ 800 ቮልት ይደርሳል። የሞተሩ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይረው)፣ የውስጥ ቻርጀሩና ትልቁ ባትሪ ለዚያ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ዋናው መቆጣጠሪያ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ታዲያ ከፍተኛውን ቮልቴጅ መዝጋት ለምን ያስፈልጋል? በትልቁ ባትሪ ውስጥ ያሉትን ዋና ማብሪያዎች ክፈት ዝጋ እያለ የሚያዝዘው ይኸው ሣጥን ስለሆነ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ወይም ከጀርባው ብርቱካናማ ገመድ ያልፋል። ቦታውም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ በአንዱ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በሌላው ከወንበር ሥር፣ በሌላው ከኮፋኖው ሥር ከትንሹ፣ ከ12 ቮልቱ ባትሪ አጠገብ ነው። የዚያኑ ሞዴልና የዚያኑ ዓመት የጥገና መጽሐፍ ሳትይዙ በግምት ፕላስቲክ አትንቀሉ።

ሞጁሉ ጥፋተኛ መሆኑን ማረጋገጥ

ከትንሹ ባትሪ ጀምሩ። ባለ መኪናው «ባትሪው 80 በመቶ አለው» ሲሏችሁ የሚናገሩት ስለ ትልቁ ነው። ትልቁ ሞልቶ ሳለ የ12 ቮልቱ ከደከመ መኪናው አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ በየመቆጣጠሪያው የሐሰት ብልሽት ያስመዘግባል። ያረፈ ጤነኛ የሊድ ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል። ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ በደንብ ቻርጅ አድርጉትና ምርመራውን እንደገና ጀምሩ። በአንዳንድ ሞዴሎች ትንሹም ባትሪ ሊቲየም ነው፤ ሲያርፍ ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ለሊድ ባትሪ በተሠራ ቻርጀርም አይሞላም። በላዩ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትንኩት።

ቀጥሎ ፊውዝ። ብዙዎቻችን ቫልቮላ እያልን ነው ያደግነው። በዓይን አይቶ ደህና ነው ማለት አይበቃም፤ በሁለቱም ጫፍ ቮልቴጅ መኖሩን ለኩ። የሞጁሉን መመገቢያ ፊውዞች በሙሉ ከጥገና መጽሐፉ የሽቦ ሥዕል ላይ ቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው።

ከዚያ ማሳ። በኦም መለካት ያሳስታል፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ በኦም ደህና መስሎ ይታያል። መኪናውን አብሩ፤ መብራትና ማራገቢያ ክፈቱ፤ ከዚያ በሞጁሉ የማሳ ሽቦና በትንሹ ባትሪ ኔጌቲቭ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ችግሩ ያለው በመንገዱ ነው፤ ሞጁሉ በደል የለበትም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቧ አያባራም። ከመስከረም በኋላ የሚመጡልኝ መኪናዎች ላይ የማገኘው አረንጓዴ ዱቄት አብዛኛው የዚያ ክረምት ቅሪት ነው።

አሁን ስካነሩን፣ ማለትም መቆጣጠሪያዎቹ የመዘገቡትን የብልሽት ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ፣ ሰኩ። የሁሉንም መቆጣጠሪያዎች ኮድ አንብቡና ሳታጠፉ ጻፉ ወይም ፎቶ አንሱ። በ‹ዩ› ፊደል የሚጀምሩት ኮዶች በመቆጣጠሪያዎች መካከል ንግግር መቋረጡን የሚናገሩ ናቸው። አምስት መቆጣጠሪያዎች ስለ አንዱ ብቻ «አይመልስልንም» ካሉ ጥርጣሬው በዚያ በአንዱ ወይም በእርሱ ሽቦ ላይ ነው። ሁሉም ስለ ሁሉም ካማረሩ ግን ችግሩ በጋራ መስመራቸው ላይ ነው። ካን የሚባለው ይህ መስመር ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ያሉት ሲሆን በሁለት ጫፎቹ 120 ኦም ተቃውሞ አለ። ትንሹን ባትሪ ነቅላችሁ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ስትለኩ 60 ኦም አካባቢ መምጣት አለበት። 120 ካሳየ አንድ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ይህችን የአንድ ደቂቃ ልኬት የዘለለ ሰው ጤነኛ ሞጁል አውጥቶ ሌላ ጤነኛ ሞጁል ይገዛል።

መመገቢያው አለ፣ ማሳው አለ፣ መስመሩ 60 ኦም ነው፤ ሣጥኑ ግን አሁንም ዝም ካለ፣ አሁን ማውጣት ይቻላል። በዚያው ስካነር የሞጁሉን መለያ ቁጥር፣ የሶፍትዌር ስሪቱንና ኮዲንጉን (ለዚያች መኪና የተሰጠውን ቅንብር) አስቀምጡ። ሞጁሉ የማይመልስ ከሆነ ቢያንስ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ ቁጥር ጻፉ።

ዕቃና አለባበስ

ያለ እነዚህ አትጀምሩ፦ 1000 ቮልት የሚል የኤሌክትሪክ የጎማ ጓንት፣ ከላዩ የሚለበስ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ካት 3 (የመለኪያው የደኅንነት ደረጃ ነው) እና 1000 ቮልት የተጻፈበት መልቲሜትር፣ እጀታው የተሸፈነ ቁልፍና ካቻቪቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ። ጓንቱን በየቀኑ ፈትሹት። አፉን ጠቅልላችሁ አየር አስሩበትና ጆሯችሁ አጠገብ ጨመቅ አድርጉት። ሽው የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያ ጓንት አልቆለታል፤ ለዕቃ ማጠቢያም ቢሆን ጋራዥ ውስጥ አይቆይ፤ ነገ አንድ ልጅ ደህና መስሎት ያደርገዋል። ቀዳዳ ባይኖረውም ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በየ6 ወሩ በመሣሪያ መመርመር ይኖርበታል።

ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ። ማተብ ለምናስር ደግሞ፣ ማተቡን በጥሱ አልልም፤ መስቀሉ ብረት ከሆነ ግን ወደ ሸሚዝ ውስጥ አስገቡትና የአንገቱን ቁልፍ ቆልፉ። ስታጎነብሱ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ብረት በባትሪ ላይ መኖር የለበትም። በልቡ ላይ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ። ብቻችሁንም አትሥሩ፤ ከአጠገባችሁ የሚቆመው ሰው የት ማጥፋት እንዳለበትና አደጋ ቢደርስ በባዶ እጁ እንዳይነካችሁ አስቀድሞ ይወቅ።

መኪናውን ማስተኛት

ቦታ መምረጥ ይቀድማል። የ12 ቮልቱ ከተነቀለ በኋላ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፤ ማርሹም ወደ ገለልተኛ አይገባም። በር ላይ ዘግታ የቆመች መኪና እስከ ማታ እዚያው ትውላለች። ስለዚህ ደልዳላና ጣሪያ ያለው ቦታ አስገቧት፤ ከጎማዋ ፊትና ኋላ እንጨት አድርጉ። አንድ መስኮት አውርዱ፤ ኮፋኖውንም ክፈቱ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ያለ ኤሌክትሪክ በሩ አይከፈትም።

የቻርጅ ገመዱን ንቀሉ። በስልክ መተግበሪያ የተያዘ የቻርጅ ሰዓት ካለ ባለ መኪናው ይሰርዙት፤ ተኝታለች ያላችኋት መኪና በሌሊት ሰዓቷ ደርሶ ልትነቃ ትችላለች። መኪናዋን አጥፉ፤ ቁልፉን ከ10 ሜትር በላይ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ በሣጥን ብትቆልፉበት የተሻለ ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቁ። መቆጣጠሪያዎቹ ከጠፉ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ የሚያስቀምጡትንም መረጃ የሚያስቀምጡት በዚያን ጊዜ ነው። ቡና የተፈላ እንደሆነ አንደኛውን መጠጫ ጊዜው ይህ ነው።

የትንሹን ባትሪ ኔጌቲቭ ፍቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። የሽቦውን ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

አሁን ጓንቱን አጥልቁ። የከፍተኛው ቮልቴጅ የጥገና መንቀያ፣ ማለትም ሲነቀል የትልቁን ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው መሰኪያ፣ ያለበትን ቦታ ከመጽሐፉ ፈልጉና ንቀሉት። ትልቅ መንቀያ የሌላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ በምትኩ አነስተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባት ሶኬት ትነቀላለች፤ እርሷ ስትነቀል የባትሪው ዋና ማብሪያዎች ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አይችሉም። የነቀላችሁትን ኪሳችሁ ውስጥ አስገቡት። ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ ሊረዳችሁ የፈለገ ሰው መልሶ ይሰካዋል። በመሪው ላይም «ሥራ ላይ ነን፤ አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፉ።

10 ደቂቃ ጠብቁ። በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ይይዛሉ፤ እስኪያፈስሱ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ከዚያ መለካት። መጽሐፉ በሚያሳየው የመለኪያ ቦታ፣ ጓንት እንዳጠለቃችሁ፣ በሦስት ደረጃ ለኩ። መጀመሪያ መልቲሜትሩን ቮልቴጁን በምታውቁት ባትሪ ላይ ሞክሩት። ከዚያ በከፍተኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መካከል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ከመኪናው አካል ጋር ለኩ። በመጨረሻ መልቲሜትሩን መልሳችሁ በዚያው ባትሪ ላይ ሞክሩት። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘልላታል፤ በመካከል የመለኪያው ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ ግን ያያችሁት ዜሮ የተበጠሰ ሽቦ ዜሮ ነው። ደኅና የሚባለው ከ60 ቮልት በታች ነው፤ በተግባር ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ካልወረደ ሥራው እዚያው ይቁም። እነዚህ ሁሉ ተደርገውም ቢሆን ትልቁ ባትሪ በሆዱ ውስጥ ሙሉ ቮልቴጁን እንደያዘ ነው፤ ክዳኑ አይነካም።

ሞጁሉን ማውጣት

እያንዳንዱን ክዳን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን በባዶ የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች አስቀምጡ፤ በየጉድጓዱ ጫፍ በእስክርቢቶ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ የወጡበትን ተራ ጻፉ። ርዝመታቸው የሚለያይ ቡሎኖች ቦታ ሲለዋወጡ ረጅሙ ሊደርስበት የማይገባውን ሽቦ ይወጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የጎንደር ብርድ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፤ ክሊፖቹም ስትነኳቸው ይሰበራሉ። ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቁ።

ሞጁሉ ከዳሽቦርዱ ሥር ከሆነ በአቅራቢያው ቢጫ ሶኬት ልታዩ ትችላላችሁ። እርሱ የኤርባግ ነው፤ አትንቀሉት፤ መለኪያም አታስነኩት።

ሣጥኑ ሲገለጥ በእጃችሁ ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ የመኪናውን ብረት ንኩ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ሰውነታችን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። የምናውቀው ጣታችንን ሲነዝረን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቮልቴጁ ከ3,000 አካባቢ አልፏል። በሞጁሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ደግሞ ከ100 በታች በሆነ ቮልቴጅ ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ምንም ሳይሰማን ልንገድለው እንችላለን። ከመኪናው ማሳ ጋር የሚታሰር የእጅ ማሰሪያ ካላችሁ እሰሩ፤ ይህን የምታስሩት ከፍተኛው ቮልቴጅ መጥፋቱን በልኬት ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ነው። ልብሳችሁም የጥጥ ይሁን።

ሶኬቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ጊዜ በጎኑ እንደ ትንሽ ክንድ የሚታጠፍ ማንሻ አለው፤ በማንሻው ጫፍ ደግሞ ጥፍር የምታህል መቆለፊያ፣ ብዙ ጊዜ ቀለሟ የተለየ፣ አለች። መጀመሪያ መቆለፊያዋን በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ኋላ ሳቧት፤ ጠቅ ትላለች። ከዚያ ማንሻውን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አዙሩ፤ ማንሻው ሲዞር ሶኬቱ ራሱ እየተነሳ ይወጣል። እምቢ ካለ መቆለፊያዋ አልተለቀቀችም ማለት ነው፤ ጉልበት አትጨምሩ፤ ሽቦውን ይዛችሁ ከቶ አትሳቡ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቸኩዬ አንዷን መቆለፊያ በካቻቪቴ ሰብሬያለሁ። ሶኬቱ ስለያዘ ደህና መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ ባለ መኪናው ቤተሰብ ይዘው በደባርቅ መንገድ ላይ ሳሉ በንዝረት ተላቆ መኪናው መንገድ መሀል ቆመ። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ መቆለፊያ ያለበትን ሶኬት ሳልቀይር መኪና አላስወጣም።

ሶኬቶቹ ከወጡ በኋላ የማሰሪያ ቡሎኖቹን ፍቱ። ሣጥኑን በአንድ እጅ ደግፋችሁ የመጨረሻዋን ቡሎን አውጡ፤ በሽቦ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። የተነቀሉትን ሶኬቶች አፍ አቧራ እንዳይገባባቸው በንጹሕ ነገር ሸፍኑ። ሞጁሉ በሌለበት የ12 ቮልቱን መልሳችሁ አትሰሩ፤ ሌሎቹ መቆጣጠሪያዎች አዲስ ብልሽት ይመዘግባሉ።

ከወጣ በኋላ

ሣጥኑን ወደ ብርሃን አዙሩትና ሶኬቱ የሚሰካባቸውን ቀጫጭን የብረት እግሮች አንድ በአንድ እዩ። የታጠፈ፣ የጠቆረ ወይም አረንጓዴ የሆነ እግር ካለ ታሪኩን ይነግራችኋል። እርጥበት ካለ የሚረጭ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ማጽጃ ተጠቀሙ። ውኃ፣ ቤንዚን ወይም የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አይሆንም። የመለኪያውን ወፍራም ጫፍ በሶኬቱ ቀዳዳ በፊት በኩል አትክተቱ፤ ቀዳዳውን ያሰፋውና ነገ እግሩን አጥብቆ አይዝም።

ወደ አዲስ አበባ ለጥገና የሚላክ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። ፌስታል ሲፋተግ የሚፈጥረው ያንኑ የፈራነውን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተሠራውን ግራጫ የሚያብረቀርቅ ከረጢት ፈልጉ፤ የኮምፒውተር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ከዕቃ ጋር የመጣላቸውን ይሰጧችኋል። ከዚያ በካርቶን አድርጉና የሻንሲ ቁጥሩንና ያነበባችኋቸውን ኮዶች ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ።

ሌላ ሞጁል የምትገዙ ከሆነ መለያ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ፊደል መግጠሙን እዩ። ከሌላ መኪና የወጣ ሞጁል የሌላ መኪና ሻንሲ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በብዙ ሞዴሎች የአምራቹን ፕሮግራም የያዘ መሣሪያ ካላስተዋወቀው መኪናው አይቀበለውም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንደሚያስተዋውቀው እወቁ። ሶፍትዌር በሚጫንበት ጊዜ ደግሞ የ12 ቮልቱ መውረድ የለበትም። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ብቻ በሚሠራ ቻርጀር ከተማመናችሁና መብራት ከጠፋ ሞጁሉ በግማሽ ጽሑፍ ሊቀር ይችላል። መጠባበቂያ ኃይል ሳታዘጋጁ አትጀምሩ።

መመለስ

በወጣበት ተራ ተገላቢጦሽ ነው። ሣጥኑን አስቀምጡ፤ ቡሎኖቹን መጀመሪያ በጣት አስገቡ፤ ከዚያ መጽሐፉ በሚለው ልክ አጥብቁ። ሶኬቱን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ማንሻውን መልሱ፤ መቆለፊያዋ ጠቅ ስትል በጆሯችሁ ስሙ። ጓንት አጥልቃችሁ የጥገና መንቀያውን መልሱ። የ12 ቮልቱ ኔጌቲቭ የመጨረሻው ነው። መንቀያው በደንብ ካልገባ የጥበቃው መስመር (መንቀያው በቦታው መሆኑን የሚቆጣጠረው ሽቦ) ስለሚቋረጥ ‹ሬዲ›፣ ማለትም መኪናው ለመነዳት ዝግጁ ነው የሚለው ምልክት አይመጣም፤ በዚያን ጊዜ አዲሱን ሞጁል ከመውቀስ በፊት መንቀያውን እዩ።

ኮዶቹን አጥፉ፤ መኪናዋን አብሩ፤ እንደገና አንብቡ። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ መስኮቶቹን እስከ መጨረሻ ዝጉና ቁልፉን ጥቂት ሰከንዶች ያዙ፤ አንዳንዶቹ ልካቸውን የሚያስታውሱት እንዲህ ሲደረግ ነው።

ለሙከራ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ውረዱ። ቁልቁለቱ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየመለሰ የሚይዘውን ፍሬን ለማየት ይመቻል። ባትሪው ግን ሙሉ ሆኖ አትውረዱ፤ ሙሉ ባትሪ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ስለማይቀበል ፍሬኑ ደካማ መስሎ ያሳስታችኋል፤ ከ80 በመቶ በታች ይሁን። አዘዞ ስትደርሱ አዙራችሁ ዳገቱን ጫን ብላችሁ ውጡ። ጋራዥ ተመልሳችሁ ለሦስተኛ ጊዜ ኮድ አንብቡ። ንጹሕ ከሆነ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነበቡትን ኮዶች፣ የወጣውንና የገባውን ሞጁል ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለባለ መኪናው ስጡ፤ የወጣውንም አሮጌ ሣጥን አብራችሁ መልሱላቸው።